ደምን መድኃኒት ተሸካሚ ማድረግ



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአያቴ እጅ ነው። አያቴ በወጣትነታቸው ዘመን በፈትል ሥራቸው በሰፈሩ የታወቁ ነበሩ። ዛሬ ግን ጧት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ጣቶቻቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አንታጠፍም ይሏቸዋል፤ የቡና ሲኒ እንኳ የሚያነሡት በሁለት እጃቸው ነው። ለብዙ ጊዜ «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው» እየተባለ ቅባት ሲቀቡና ፍል ውሃ ሲመላለሱ ከቆዩ በኋላ፣ ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ብግነት መሆኑን ሐኪም መርምሮ ነገራቸው።

በዚህ ዓመት የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ደም ሲያስተምሩን፣ የዘመኑ ሊቃውንት የደም ሕዋሳትን በጥበብ እየለወጡ መድኃኒት የሚሆን ፕሮቲን ለማሸከም እንደሚጥሩ ጠቀሱልን። እኔም ደስ ብሎኝ ማታ ለአያቴ ተረክሁላቸው። አያቴ ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ከሰሙኝ በኋላ፣ «መልካም ነው ልጄ፤ ግን ከገቡ በኋላ ማን ያዛቸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱን አላውቅም ነበር። እንግዲህ መልሱን ስፈልግ ካነበብሁት ውስጥ ዋና ዋናውን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብግነት ምንድን ነው?

እሾህ ጣታችንን ቢወጋን ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። እነዚህን አራት ምልክቶች ሴልሰስ የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ በመጀመሪያው መቶ ዓመት መዝግቧቸዋል። ብግነት በራሱ ጠላት አይደለም፤ ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ሥርዓት ነው። ጀርም በቁስሉ በኩል በገባ ጊዜ በአካባቢው ያሉ ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን ያወጣሉ። እነዚህም እንደ እሪታ ያሉ ናቸው። እሪታው በተሰማ ጊዜ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ይላላል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም በዚያ ሾልከው ወደ ቁስሉ ይዘምታሉ። ቦታው የሚቀላውና የሚሞቀው ደም ስለ በዛበት ነው፤ የሚያብጠውም ከደም ሥር ፈሳሽ ስለሚወጣ ነው።

ጀርሙ ሲሸነፍ እሪታው ይቆማል፤ ቁስሉም ይሽራል። ችግር የሚመጣው እሪታው ያለ ጠላት ሲጀመር፣ ወይም ጠላት ከጠፋ በኋላ አልቆም ያለ እንደ ሆነ ነው። በሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሆነው ይኸው ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት የገዛ አካላቸውን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥረው ይዘምቱበታል፤ የመገጣጠሚያው ሽፋን ያብጣል፤ ውሎ አድሮም በአጥንቱ ጫፍ ያለውን ለስላሳ ልም አጥንት ይበላዋል፣ አጥንቱንም ይሸረሽረዋል። ይህ ደዌ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ ያጠቃል። በዚህ ጊዜ ከሚሰሙት እሪታዎች ዋነኞቹ ቲ ኤን ኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉት ናቸው።

እስከ ዛሬ የተገኙት መድኃኒቶችና ጉድለታቸው

በ1948 ዓ.ም. ፊሊፕ ሄንች የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሜዮ ክሊኒክ ተኝታ ለነበረች የ29 ዓመት ሴት ኮርቲዞን የሚባለውን መድኃኒት በመርፌ ሰጣት። መራመድ አቅቷት የነበረችው ሴት በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ሄንችና ሌሎች ሁለት ሊቃውንት በ1950 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን ደስታው ሙሉ አልሆነም። የኮርቲዞን ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ለረዥም ጊዜ ሲወሰዱ አጥንት ያሳሳሉ፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋሉ፣ ፊትን ያሳብጣሉ፣ ሰውነት ጀርምን የሚከላከልበትንም ኀይል ያደክማሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ሜቶትሬክሴት በሚባል በሳምንት አንድ ጊዜ በሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ አያቴም የሚወስዱት እሱን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሊቃውንቱ እሪታውን ራሱን ዝም ለማሰኘት አሰቡ። በ1992 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ራቪንደር ማይኒና ማርክ ፌልድማን ቲ ኤን ኤፍን አንቆ የሚይዝ አንቲቦዲ ለሩማቶይድ ሕሙማን መስጠት ጀመሩ። ውጤቱ እጅግ ያማረ ስለ ነበረ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እነዚህ መድኃኒቶች በብዙ አገር ተፈቀዱ። እነዚህ መድኃኒቶች ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን ደግሞ እንደ ሥጋና እንደ እንቁላል በሆድ ውስጥ ስለሚፈጭ በአፍ ሊዋጥ አይችልም፤ በመርፌ መሰጠት አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት እንቅፋቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ በመርፌ የገባ ፕሮቲን ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ኢንተርሉኪን 1ን የሚከለክለው አናኪንራ የሚባለው መድኃኒት ለምሳሌ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ እኩሌታው ከደም ስለሚጠፋ በየቀኑ መወጋት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ መድኃኒቱ የታመመውን ጣት ብቻ ለይቶ የማይሄድ መሆኑ ነው። በመላው አካል ተሠራጭቶ አስፈላጊ የሆነውንም እሪታ ጭምር ዝም ያሰኛል። በ2001 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደ ገለጸው፣ ቲ ኤን ኤፍን የሚከለክለውን መድኃኒት ከወሰዱት ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ በውስጣቸው ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ ተነሥቶባቸዋል። ነቀርሳውን አጥሮ የሚይዘው ይኸው ቲ ኤን ኤፍ ስለ ሆነ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ገና በብዛት ለሚገኝባት ለአገራችን ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም።

እንግዲህ የሚፈለገው መድኃኒት ሁለት ጠባይ ያለው ነው፤ ይኸውም በሰውነት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቆይና ወደሚያስፈልግበት ቦታ የሚሄድ ነው።

ስለ ምን ደም ተመረጠ?

አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። የመርፌ ራስ በምታህል በአንዲት ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳት ይገኛሉ። የአንዱ ቀይ ሕዋስ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር 1000 እጅ ሰባቱ ወይም ስምንቱ ብቻ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ከሳንባ ኦክሲጅን ተሸክመው እስከ እግር ጥፍር ድረስ የማይደርሱበት ቦታ የለም። ዕድሜያቸውም 120 ቀን ያህል ነው። ሲያረጁ ጣፊያና ጉበት ያለ አንዳች ሁከት ለቅመው ያስወግዷቸዋል፤ የአጥንት መቅኔ ደግሞ በየሰከንዱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አዳዲሶች እየሠራ ይተካል።

በቀይ ሕዋስ ላይ የሚታየው ሌላው ልዩ ጠባይ ኒውክሊየስ የሌለው መሆኑ ነው። በመቅኔ ውስጥ ገና ሳለ ኒውክሊየስ ነበረው፤ ሊበስል ሲል ግን አውጥቶ ይጥለዋል። ኒውክሊየስ ከሌለው ጂን የለውም፤ ጂን ከሌለው ሊባዛም ወደ ካንሰር ሊለወጥም አይችልም። ስለዚህ ቀይ ሕዋስ ጭነቱን ተሸክሞ ሄዶ፣ ዕድሜው ሲያልቅ ዘር ሳይተው የሚያልፍ ተሸካሚ ነው ማለት ይቻላል።

ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ ሌላ ጥቅም አላቸው። ቀዩ ሕዋስ ደም በወሰደው የሚሄድ ሲሆን፣ ነጩ ግን እሪታ ሰምቶ መንገዱን እያወቀ ወደ ቆሰለው ቦታ የሚዘምት ነው። እነዚህን ሁሉ የሚወልደው በአጥንት መቅኔ የሚኖረው ግንደ ሕዋስ ነው። ግንደ ሕዋስ ሰውየው በሕይወት እስካለ ድረስ የደም ሕዋሳትን ሲወልድ ይኖራል።

ጭነቱ እንዴት ይጫናል?

ቀይ ሕዋስን ከመጫን መንገዶች ሦስቱን እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያው በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ የተገለጸው ነው። ቀይ ሕዋስ ጨው ባነሰው ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ቆዳውም ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በዚያን ጊዜ በውሃው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሾልኮ ይገባል። ወዲያው ጨው ሲጨመርለት ሕዋሱ እንደ ቀድሞው ይሆንና ፕሮቲኑን በውስጡ እንደ ያዘ ይዘጋል። ይህን የመሰለውን ነገር በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የድንች ቁራጭ በጨው ውሃና በንጹሕ ውሃ ስናስቀምጥ አይተነዋል፤ የኦስሞሲስ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ፕሮቲኑን ከሕዋሱ ቆዳ ላይ መስፋት ነው። በማሳቹሴትስ በሚገኘው በኋይትሄድ ተቋም ሃርቪ ሎዲሽ፣ ሂደ ፕሉህና ባልደረቦቻቸው በ2014 ዓ.ም. እንደ ገለጹት፣ ሶርቴዝ የሚባል ኤንዛይም እንደ መርፌና ክር ሆኖ ፕሮቲኑን ከቀይ ሕዋሱ ጋር ያጣብቀዋል። እነዚሁ ሰዎች በ2017 ዓ.ም. አንድ የሚያስደንቅ ሙከራ አሳተሙ። ሰውነት በስሕተት እንደ ባዕድ የሚዋጋውን የፕሮቲን ቁራጭ ወስደው በአይጦች ቀይ ሕዋሳት ላይ አጣበቁት። ጣፊያና ጉበት በየቀኑ ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ያረጀ ቀይ ሕዋስ ያለ ሁከት ስለሚያስወግዱ፣ ከእርሱ ጋር የመጣውንም ቁራጭ ሰውነት እንደ ቤተሰብ መቁጠርን ተማረ። በዚህም አይጦቹ የነርቭን ልባስ ከሚያጠፋውና ስኳር በሽታን ከሚያመጣው የገዛ ራስን የመውጋት ደዌ ተጠበቁ። እሪታውን ከማፈን ይልቅ ጠቡን ከሥሩ ማስታረቅ ይባላል።

ሦስተኛው መንገድ ገና ኒውክሊየስ ባለው ጨቅላ ሕዋስ ውስጥ አዲስ ጂን ማግባት ነው። ጨቅላው በታዘዘው መሠረት ፕሮቲኑን ይሠራል፤ በኋላም ኒውክሊየሱን ሲጥል ጂኑ አብሮ ይወጣና ፕሮቲኑ ብቻ ይቀራል። በዚህ መንገድ በ2017 ዓ.ም. ቦቱሊነም የሚባለውን መርዝ የሚያከሽፍ ቀይ ሕዋስ ተሠርቶ አይጦችን ከሞት አድኗል። ለዚህ የተመረጠው አንቲቦዲ ከግመል ወገን እንስሳት የተገኘ ዓይነት ነው። በ1993 ዓ.ም. የብራሰልስ ሊቃውንት የግመልን ደም ሲመረምሩ፣ ከሌሎች እንስሳት አንቲቦዲ እጅግ አነስተኛና ቀለል ያለ አንቲቦዲ እንዳለበት አይተው ነበር። በበረሃችን የምናውቀው እንስሳ ጭነት በጀርባው ብቻ ሳይሆን በደሙም የሚጠቅም መሆኑ ያስገርማል።

ከነጭ ሕዋሳት ወገን ደግሞ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሚር ሚትራጎትሪና ባልደረቦቹ ሞኖሳይት በሚባለው ሕዋስ ላይ የጀርባ ቦርሳ የመሰለ ጥቃቅን ከረጢት አጣብቀዋል። በ2023 ዓ.ም. ባሳተሙት ሙከራ፣ ከረጢቱ ውስጥ ብግነትን የሚያበርድ ኢንተርሉኪን 4 የሚባል ፕሮቲንና የኮርቲዞን ወገን የሆነ መድኃኒት አኑረው የነርቭ ብግነት ላለባቸው አይጦች ቢሰጧቸው፣ የአይጦቹ እንቅስቃሴ ተሻሽሏል።

ከመቅኔው መጀመር

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ሁሉ ጊዜያዊ ናቸው፤ ሕዋሱ ሲሞት መድኃኒቱም ያልቃል። የግንደ ሕዋስ መንገድ ግን እስከ ዕድሜ ልክ ነው። ይህ መንገድ ሕልም ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ምስክር አለ፤ ምንም እንኳ በሽታው የመገጣጠሚያ ብግነት ባይሆን አሠራሩ አንድ ስለ ሆነ እጠቅሰዋለሁ።

አንድ ኤንዛይም ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። መጀመሪያ ጤነኞች ይመስላሉ፤ ከዚያ መራመድ፣ መናገር፣ መዋጥ እያቃታቸው ይሄዳሉ። የጣልያን ሊቃውንት ሉዊጂ ናልዲኒና አሌሳንድራ ቢፊ ሚላን ከተማ ውስጥ የእንዲህ ያሉትን ሕፃናት ግንደ ሕዋስ አውጥተው፣ ጉዳት የማድረስ ኀይሉ በተነቀለበት ቫይረስ አማካይነት የጎደለውን ጂን አስገብተው መለሱላቸው። የተለወጡት ሕዋሳት በደም ተጉዘው እስከ አንጎል ደረሱ፤ በዚያም ኤንዛይሙን እየሠሩ ለጎረቤት ሕዋሳት አካፈሉ። የመጀመሪያው ውጤት በ2013 ዓ.ም. ታተመ፤ ሕክምናው በአውሮፓ በ2020፣ በአሜሪካ በ2024 ዓ.ም. ተፈቀደ። ነገር ግን ዋናው ጥቅም የሚገኘው ሕመሙ ሳይታይ በፊት ነው። ከታከሙት ብዙዎቹ በሽታው የታወቀባቸው ታላቅ ወንድማቸው ወይም እኅታቸው አስቀድሞ በመታመሙ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ታናሹ ሲሮጥ ታላቁ የማይነሣበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ቆይቻለሁ።

ማን ያዛቸዋል?

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ እመለሳለሁ። የቀይ ሕዋሱ መልስ ቀላል ነው፤ ጂን ስለሌለውና በ120 ቀን ስለሚሞት አዛዥ ብዙም አያስፈልገውም። በግንደ ሕዋስ ላይ ግን ጥያቄው ከባድ ነው። መገጣጠሚያው ደኅና በሆነበት ቀንም ሆነ ሳንባ ነቀርሳ በመጣበት ቀን እሪታን የሚያፍን ፕሮቲን ያለ ማቋረጥ ቢሠራ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ለዚህ መፍትሔ ያሳየው በሴንት ልዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ፋርሺድ ጊላክ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ2017 ዓ.ም. ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ በአይጥ ግንደ ሕዋስ ውስጥ መድኃኒቱን የሚሠራውን ጂን በብግነት ጊዜ ብቻ ከሚነቃ ጂን ቦታ ላይ ተከሉት። ስለዚህ እሪታ ሲሰማ ሕዋሱ መድኃኒት ይሠራል፤ እሪታው ሲቆም እርሱም ያቆማል። አዛዡ ከውጭ ሳይሆን በሽታው ራሱ ሆነ ማለት ነው። በ2021 ዓ.ም. እንዲህ ካሉት ሕዋሳት የተሠራ ልም አጥንት ከአርትራይተስ አይጦች ቆዳ በታች ተተክሎ ብግነታቸውን ቀንሷል፣ አጥንታቸውንም ከመሸርሸር ጠብቋል። እነዚህ የልም አጥንት ሕዋሳት እንጂ የደም ሕዋሳት አልነበሩም፤ ሐሳቡ ግን ለደም ሕዋስም ሊያገለግል የሚችል ነው።

እውነቱን ለመናገር አደጋው ሊሸሸግ አይገባም። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ ያለ መከላከያ ኀይል የተወለዱ ሕፃናት በግንደ ሕዋስ ጂን ሕክምና ድነው ነበር። ዳሩ ግን ቫይረሱ ጂኑን ያስቀመጠው ካንሰር ከሚቀሰቅስ ጂን አጠገብ ስለ ነበረ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዳንዶቹ በደም ካንሰር ታመሙ። ዛሬ የሚሠራባቸው ቫይረሶች ከቀድሞዎቹ የተሻሻሉ ቢሆኑም ጥንቃቄው አልቀረም። እንደዚሁም ለአዲሱ ግንደ ሕዋስ በመቅኔ ውስጥ ቦታ ለማስለቀቅ ሕመምተኛው አስቀድሞ ብርቱ መድኃኒት መውሰድ አለበት። ሊሞት ለተቃረበ ሕፃን ይህ ይገባል፤ ጣታቸው ለሚያማቸው አሮጊት ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። ቀይ ሕዋሳትም ቢሆኑ በሰው ላይ በተሞከሩ ጊዜ ሁልጊዜ አልተሳካላቸውም፤ ኤንዛይም ተጭኖባቸው በቆሽት ካንሰር ላይ የተደረገው ትልቅ ሙከራ በ2021 ዓ.ም. የሕሙማኑን ዕድሜ ሳያራዝም ቀርቷል። ዋጋውም አንድ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ከዚህ በላይ የጠቀስሁት የሕፃናቱ ሕክምና በአሜሪካ አንድ ጊዜ ለመስጠት የተቆረጠው ዋጋ 4.25 ሚሊዮን ዶላር ነው።

መደምደሚያ

ይህን ሁሉ ከተማርሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ ለአያቴ መልሱን አቀረብሁላቸው። «እማማ፣ ከገቡ በኋላ የሚያዛቸው በሽታው ራሱ እንዲሆን እየተሞከረ ነው፤ ነገር ግን እስካሁን የተሳካው በአይጥ ነው» አልኋቸው። አያቴም ሣቅ ብለው፣ «ለአይጧም እሰይ፤ እንግዲያስ ለእኔ እስኪደርስ ድረስ የሳምንቱን ክኒኔን አቀብለኝ» አሉኝ።

እኔም ከዚህ አንድ ትምህርት አገኘሁ። በጋዜጣና በሬዲዮ ስለ አዲስ ፈውስ የሚነገረውን ስንሰማ ሁለት ስሕተት እንሠራለን፤ አንዱ ነገሩን ሁሉ ተረት ነው ብሎ መናቅ፣ ሁለተኛው ነገ ጧት የሚደርስ መስሎን በእጃችን ያለውን መድኃኒት መተው ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ተስፋውን ይዘን በትዕግሥት መጠበቅና የሐኪምን ትእዛዝ መፈጸም ይገባናል። ቁርጥማት ነው ተብሎ ጧት ጧት እጃቸው የማይታጠፍላቸው እናት ወይም አያት በቤታችሁ ካሉ፣ አጥንቱ ሳይሸረሸር ወደ ሐኪም አድርሷቸው፤ መድኃኒት የሚበጀው ጊዜው ሳያልፍ ነውና።

ደግሞም ጓደኞቼ ሆይ፣ ኦስሞሲስን በድንች ቁራጭ ስንማር ለፈተና ብቻ የሚጠቅም መስሎን ነበር። በዚያው ሕግ ግን መድኃኒት በደም ሕዋስ ውስጥ ይጫናል። የቀረውን መንገድ ከሚጨርሱት ሰዎች መካከል ከእኛ ክፍል አንድ ቢገኝ፣ የአያቴን ጥያቄ እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።